የቮልስ ቤንዚን ጎማ ከየት ልግዛ? ማንስ ይቀይርልኝ? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ የቀረችልኝ ቮልስ 1300 አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ግቢው በቤንዚን ሽታ ይታፈናል፣ ሞተሩ ሥርም ይንጠባጠባል። የሚያፈሰው የቤንዚን ጎማው፣ ማለትም ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ ነው። አንድ መካኒክ በላስቲክ ጠፍሮ በሳሙና ደፈነልኝ፤ ሦስት ቀን አልቆየም። አዲስ አበባ ውስጥ ጎማውን ከየት ልግዛ? ለማንስ ልስጣት?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎማው እስኪቀየር አታስነሺያት። የቮልስ ሞተር ገላው የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ እሳት ከያዘው ውሃ ሲደፉበት ይብስበታል።

ጎማውን በሜትር ቆርጠው ይሸጡልሻል። ውስጡን የሚያሳየው ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ ቤንዚኑ ሲሄድ ማየትም ደስ ይላል፤ የሞተሩ ሙቀት ግን እንደ ደረቅ ማካሮኒ ያደርገዋል። ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር ጎማም ለውሃ ወይም ለአየር የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ተዪው። ተክለሃይማኖት ካሉት የአዲስ ዕቃ ሱቆች ስትገዢ ገላው ላይ የታተመውን አንብቢ፤ ኤስኤኢ ጄ30 አር9 (SAE J30 R9፣ የቤንዚን ጎማ የጥራት ደረጃ ነው) የሚል ካገኘሽ ውሰጂው። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ለኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በግፊት ለሚረጭ) መኪና የተሠራ ስለሆነ ኤታኖል የተቀላቀለበትን ቤንዚንም ይችላል። ሶማሌ ተራ ለበር እጀታና ለመብራት እሄዳለሁ፤ ከተፈታ መኪና የወጣ የቤንዚን ጎማ ግን አልገዛም።

የፋብሪካው ጎማ በጨርቅ የተሸመነው ነው። ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ሜትር ተኩል አስመጪ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም። ክፋቱ፣ ጨርቁ ስንጥቁን ይደብቃል። እኔ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ሸተተኝና ቆሜ ከፈትኩት። ሲያዩት ደህና ነበር፤ በጣቴ ጠምዘዝ ሳደርገው ከጨርቁ ሥር ፍርክስክስ ብሎ ቤንዚኑ እጄ ላይ ወረደ።

ልኩንም አትርሺ። የብረት ቧንቧው ውጩ 6 ሚሊሜትር ነው፣ የጎማው ውስጥ 5.5 ገደማ ይሁን። ሻጩ 8 አውጥቶ «ማሰሪያው ያጠብቀዋል» ቢልሽ እምቢ በዪ።

ወደ መካኒኩ ስንመጣ፣ ትልልቆቹ ጋራዦች ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ቀጠሮም ያከብራሉ፤ ልጆቹ ግን ያደጉት በቶዮታ ነው። የኔን አንዱ ጋራዥ የኋላውን የቤንዚን ጎማ ብቻ ቀይሮ፣ ፕላስቲክ ፊልትሮውን (የቤንዚን ማጣሪያውን) ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አናት ላይ አንጠልጥሎ ሰደደኝ። እዚያ ከፈሰሰ እሳት ነው! ፊልትሮው ከሥር፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አጠገብ መሆን አለበት። አሁን የምሄደው በቮልስ ሥራ ያረጁ አንድ አባት ጋ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ቮልስ የሚነዳ ስታዪ አስቁመሽ ጠይቂ። ስታገኚያቸው አንድ ነገር ብቻ በያቸው፦ «የፊተኛውንም ጎማ ይቀይሩታል?» ሳልባትዮው (የቤንዚን ማጠራቀሚያው) ፊት፣ ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ቤንዚኑ በወለሉ መሐል ባለው ዋሻ በብረት ቧንቧ ያልፋል፣ በሁለቱም ጫፍ ጎማ አለ። የፊተኛው ሥሯ ካልተገባ አይታይም፣ ስለዚህ ይረሳል። ጥያቄው ካስገረማቸው ሌላ ሰው ፈልጊ።

የኔ ሰው ሥራ ሲጀምሩ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ይሰካሉ። ሳልባትዮው ከፍ ስለሚል ቤንዚኑ በራሱ ይወርዳል፤ ጎማው እንደተነቀለ እርሳሱን አፉ ላይ ይወትፉታል።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የብረት ቧንቧው ራሱ ዝጎ ከሆነስ? አንዱ በፍሪጅ መዳብ እቀይረዋለሁ ብሎኛል።

መልስ፦ መዳብ በንዝረት ይደነድንና ይሰነጠቃል፣ ብረት ይሁን። በዋሻው ውስጥም ይለፍ፤ ከወለሉ ሥር ካንጠለጠሉት ድንጋይና የፍጥነት መቀነሻ ይገጨዋል። ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ክቡ ጎሚኒ (የላስቲክ ቀለበት) መኖሩን ራስሽ እጅሽን ሰደሽ ንኪው፤ ከሌለ ቆርቆሮው ቧንቧውን ይበላዋል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ያለችውን፣ ጎማው የሚሰካባትን የነሐስ አፍም ነቅነቅ አድርጊያት። ከተነቃነቀች ጎማው አዲስ ቢሆንም ነቅላ ትወጣለች።