ሮም ለሦስት ቀን በሁዳዴ፦ የትና እንዴት ይበላል?

ወለላ_ማር

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሆነን ሮም እንሄዳለን፤ ሐሙስ ገብተን እሁድ ማታ እንመለሳለን። ማረፊያችን ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ሁለታችን ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት (በእነሱ 15:00) እንጾማለን፣ አንዷ ሙስሊም ናት፣ አንዱ ያገኘውን ይበላል። ለምግብ በቀን በነፍስ ወከፍ 35 ዩሮ ይዘናል። የት እንብላ? ምን ብለን እንዘዝ? የጾም መስሎ የፍስክ የሆነው የትኛው ነው? ሂሳብ ላይስ ምን እንጠንቀቅ?

ቁሌት

ከቦታው በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ፤ ሮም ላይ ጾመኛን የሚያስቸግረው እሱ ነው። ደህና ትራቶሪያ (ቀለል ያለ የሀገሬው ምግብ ቤት) ምሳ የሚያቀርበው ከ12:30 እስከ 14:30 ግድም ነው። ከዚያ ኩሽናው ይዘጋና እስከ 19:30 አይከፈትም። እናንተ የምትበሉት ደግሞ 15:00 ላይ፣ ልክ በክፍተቱ መሃል። በዚያ ሰዓት ባለ ስድስት ቋንቋ፣ ባለ ፎቶ ሜኑ ዘርግቶ ክፍት የሆነው ቤት ባብዛኛው ለቱሪስት የተዘጋጀ ነው። በር ላይ ቆሞ መንገደኛ የሚጠራው ሰው ስም ሁሉ ወጥቶለታል፣ "ቡታዴንትሮ" ይሉታል። የእኛ ታክሲ ረዳት በሉት።

ስለዚህ በዚያ ሰዓት "ፒዛ አል ታልዮ" የሚል ቤት ፈልጉ። ፒዛው በትልልቅ አራት ማዕዘን ትሪ ተጋግሮ በሚዛን ይሸጣል፣ ብዙዎቹም ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። አገዛዙ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፦ በጣት ጠቁሞ "አንድ" ካለ ግማሽ ኪሎ ሊቆረጥለት ይችላል። ሻጩ ቢላዋውን ፒዛው ላይ ያሳርፍና "ኮዚ?" ይላል፣ "ይህን ያህል?" ማለቱ ነው። ከበዛ "ዲ ሜኖ"፣ ካነሰ "ዲ ፒዩ" በሉት። ለአንድ ሰው ከ200 እስከ 250 ግራም ይበቃል። ኪሎው 18 ዩሮ ቢሆን 200 ግራም 3.60 ዩሮ መሆኑ ነው። ካስመዘናችሁ በኋላ "ላ ስካልዶ?" ካላችሁ "ላሙቀው?" ነው፤ አዎ በሉ።

የጾም የሚሆነው ፒዛ ሮሳ (ቲማቲምና ዘይት ብቻ) እና ፒዛ ቢያንካ (ዘይትና ጨው) ነው። ቢያንካው ላይ ግን "ቼ ስትሩቶ?" ብላችሁ ጠይቁ። ስትሩቶ የአሳማ ስብ ነው፣ አንዳንድ ጋጋሪ ሊጡን ለማለስለስ ይጨምረዋል። ይህ ለሙስሊሟም ይሠራል።

ማታ ትራቶሪያ ስትገቡ አንድ ነገር ካወቃችሁ ግማሹ ተቃለለ፦ ደረቁ ፓስታ (ስፓጌቲ፣ ሪጋቶኒ፣ ፔኔ) ከዱቄትና ከውሃ ነው፣ ትኩሱ (ፌቱቺኔ፣ ራቪዮሊ፣ ላዛኛ) እንቁላል አለበት። ቶናሬሊ እንደ ቤቱ ነው፣ ኞኪም ድንች ስለሆነ የጾም ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ እንቁላል ይገባበታል። ስለዚህ "ስፓጌቲ አልዮ ኦልዮ ኤ ፔፔሮንቺኖ" (ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ቃሪያ) ወይም "ፔኔ አላራቢያታ" (ቃጠል ያለ የቲማቲም ስጎ) እዘዙ፣ ሁለቱም ላይ "ሴንጻ ፎርማጆ" ማለትን አትርሱ፤ ሳይጠየቁ ቺዝ የሚፈገፍጉበት ቤት ብዙ ነው። ፒዜሪያ ከሆነ "ማሪናራ" የሚባለው ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ እንጂ ስሙ እንደሚመስለው የባሕር ምግብ አይደለም። ከጎኑ "ቺኮሪያ ሪፓሳታ" ጨምሩ፦ ተቀቅሎ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ መረር ያለ ቅጠል ነው፣ ጎመን የናፈቀው ሰው ይወደዋል።

የሚያታልሉት ሾርባና ጥራጥሬዎቹ ናቸው። ሚኔስትሮኔ ውስጥ የፓርሚጃኖ ቺዝ ቅርፊት አብሮ ይቀቀላል። "ፋጆሊ ኮን ሌ ኮቲኬ" ባቄላ ብቻ ይመስላል፣ ኮቲኬ ግን የአሳማ ቆዳ ነው። የሽምብራው "ፓስታ ኤ ቼቺ" ብዙ ጊዜ አንቾቪ የምትባል ትንሽ ዓሣ ትገባበታለች፤ ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ጠይቁ። በጸደይ የሚመጣው አርቲቾክ የሚባል አትክልት፣ የእሸት ባቄላና የአተር ወጥ "ቪኛሮላ" አንዳንድ ቤት ጓንቻሌ (የአሳማ ጉንጭ) ይጨመርበታል።

ለሙስሊሟ፦ ከአራቱ የሮም ፓስታዎች ካርቦናራ፣ ግሪቻና አማትሪቻና ሦስቱም የሚሠሩት በጓንቻሌ ነው። "ያለ ጓንቻሌ ሥሩልኝ" ማለት አያዋጣም፣ ስጎው የሚሠራው ከቀለጠው ስብ ነውና። አራተኛው ካቾ ኤ ፔፔ ቺዝና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው፣ እሱን ትብላ። ሥጋ ወጥና አርቲቾክ ላይ ነጭ ወይን ስለሚጨመር "ሴንጻ ቪኖ?" ብላ ትጠይቅ።

ሚዛን_ጠባቂ

እኔ ስለ ሂሳቡ ብቻ። በሌሎች የጣሊያን ከተሞች "ኮፔርቶ" የሚባል የመቀመጫ ክፍያ በነፍስ ወከፍ አለ። ሮም የምትገኝበት ላጽዮ ክልል ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ሕግ ከልክሎታል። ታዲያ ምን ተደረገ? "ፓኔ" ተብሎ በዳቦ ስም መጣ። ሳታዝዙ ቅርጫቱን ያስቀምጡና በሰው 1.50 ወይም 2 ዩሮ ይጽፋሉ፤ ለአራት ሰው 8 ዩሮ ማለት ነው። ካልፈለጋችሁ ቅርጫቱ እንደመጣ ሳትነኩት "ኖ ፓኔ፣ ግራጽዬ" ብላችሁ መልሱ። አንድ ቁራሽ ከተነሳለት በኋላ ክርክር የለም።

"ሰርቪጽዮ" 10% ወይም 15% የሚል ካለ ሜኑው ላይ ተጽፎ መታየት አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ከታች በደቃቅ ፊደል ነው። እሱን ከከፈላችሁ ጉርሻ አያስፈልግም።

ትልቁ ጉድጓድ ግን ዓሣ ነው። ዋጋው አጠገብ "አሌቶ" ካለ ለ100 ግራም ነው፣ "ኤስ ኩ" የሚሉት ሁለት ፊደላት ካሉም በሚዛን ማለት ነው። 6 ዩሮ አይታችሁ ርካሽ ነው ብላችሁ ያዘዛችሁት ዓሣ 700 ግራም ቢመዝን 42 ዩሮ ነው። ከመጠበሱ በፊት አምጥቶ እንዲያሳያችሁና ክብደቱን እንዲነግራችሁ ጠይቁ፣ ደንበኛ አሠራር ነው። ከምግቡ ስም ጎን ኮከብ ካለ ደግሞ ከበረዶ የወጣ ነው፣ ማብራሪያው ከሜኑው ግርጌ አለ።

ውሃ ሲጠይቋችሁ "ፍሪጻንቴ" አምቦ ውሃ ዓይነት፣ "ናቱራሌ" ጋዝ የሌለው ነው፤ ሁለቱም በጠርሙስ የሚሸጡ ናቸው። መንገድ ላይ ግን ውሃ አትግዙ። ከተማው ውስጥ 2,500 ያህል "ናዞኒ" የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ቀንና ሌሊት ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሳሉ። ጎንበስ ብላችሁ አትታገሉ፤ የቧንቧውን አፍ በጣት ስትደፍኑት ከላይ ካለች ቀዳዳ ወደ አፋችሁ ይፈነጥቃል።

ወለላ_ማር

እግዜር ይስጥልን፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ቡናስ? ማኪያቶ እዚያው ሀገሩ ላይ ጥሩ ይሆናል ብለን ነበር። ኢንጀራ ቢያምረንስ?

ጀበና_2

የአዲስ አበባውን ማኪያቶ አትጠብቁ። እዚያ ማኪያቶ ማለት ኤስፕሬሶ ላይ ጠብ የተደረገች የወተት አረፋ ናት፣ ሁለት ጉንጭ። የእኛን የሚጠጋው "ላቴ ማኪያቶ" ነው። "ላቴ" ብቻ ካላችሁ ግን ወተት በብርጭቆ ይመጣላችኋል። ለጾም "ኮን ላቴ ዲ ሶያ" በሉ፣ ብዙ ባሮች አላቸው። ኮርኔቶው (ክሯሳን የሚመስለው የቁርስ ኬክ) ቅቤ ስላለው "ቬጋኖ" ካለ ጠይቁ።

ብዙ ቦታ መጀመሪያ "ካሳ" (ገንዘብ ተቀባዩ) ላይ ተከፍሎ ደረሰኙ (ስኮንትሪኖ) ይያዛል፣ ከዚያ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ማዘዝ ነው። ቆመው ከጠጡ ኤስፕሬሶ 1.30 ዩሮ አካባቢ ነው። እዚያው ቤት ወንበር ስባችሁ ከተቀመጣችሁ፣ በተለይ ናቮና ወይም ፓንቴዮን ፊት ለፊት፣ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ማጭበርበር አይደለም፣ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ "አል ባንኮ" እና "አል ታቮሎ" ተብሎ ለየብቻ ይጻፋል።

ኢንጀራ፦ ቴርሚኒ አካባቢ የኤርትራና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ፣ ሽሮና በያይነቱ አይጠፋም። ግን ሦስት ቀን ብቻ ከሆናችሁ አንድ ማታ ይብቃችሁ። ከጣቢያው በእግር የሚደረስበት የኤስኩዊሊኖ ገበያ (ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ) ቅመም፣ ፍራፍሬና ሐላል ሥጋ ስላለው ማረፊያችሁ ኩሽና ካለው ግቡበት። እሁድ ዝግ ነው።

የቅዳሜ_ገበያ

ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ፦ ቅዳሜና እሁድ ሰዓት አይጾምም፣ ከጥሉላት መከልከል ብቻ ነው። እንግዲህ የምሳ ሰዓቱ ጣጣ ሐሙስና ዓርብ ላይ ብቻ ነው። ደህና ደህናውን ምሳ ለቅዳሜና እሁድ አስቀምጡት።

ቅዳሜ ቴስታቾ ሂዱ። ከቴርሚኒ ሜትሮ ቢ መስመር ይዛችሁ አራተኛው ፌርማታ ፒራሚዴ ላይ መውረድ ነው፣ ትኬቱ 1.50 ዩሮ። የሰፈሩ ገበያ እስከ 15:30 ግድም ክፍት ነው፣ እኔ ግን ከ13:00 በፊት ድረሱ እላለሁ፤ አትክልት ሻጮቹ ቀድመው ያነሳሉ። ውስጡ ተሠርቶ የሚሸጥ ምግብም አለ። ሁሉን የሚበላው ጓደኛችሁ ሲሳይ የሚያገኘው እዚህ ነው። የከተማው ትልቁ ቄራ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ቴስታቾ ስለነበረ ሰፈሩ የሆድ ዕቃ ምግብ አዋቂ ነው። ሮም ውስጥ ሐሙስ ኞኪ፣ ዓርብ ዓሣ፣ ቅዳሜ ጨጓራ የሚባል ልማድ አለ። "ትሪፓ አላ ሮማና" ጨጓራ በቲማቲም፣ በናና ዓይነት ቅጠልና በፔኮሪኖ ቺዝ ነው። ዱለት ለሚወድ ሰው ለስላሳ ሊሆንበት ይችላል፣ ቃሪያ ጠይቁለት። የበሬ ጭራው ("ኮዳ አላ ቫቺናራ") ይበልጣል ባይ ነኝ።

እሁድ የአይሁድ ሰፈሩ፣ ቪያ ዴል ፖርቲኮ ዶታቪያ። እዚህ ለጾመኛ የሚጠቅም ነገር አለ፦ የኮሸር (በአይሁድ የምግብ ሕግ የሚሠሩ) ምግብ ቤቶች የሥጋና የወተት ተብለው ይለያያሉ። የሥጋ ኮሸር ቤት ውስጥ ወተት፣ ቅቤና ቺዝ ጨርሶ አይገባም። ስለዚህ እዚያ የምታዝዙት አትክልት ቅቤ የለውም፣ እንቁላሉን ብቻ ጠይቁ። አሳማም የለም፣ ካርቦናራውን ሳይቀር በበሬ ሥጋ ይሠሩታል። "ካርቾፊ አላ ጁዲያ" እዘዙ፦ ሙሉ አርቲቾክ ሁለት ጊዜ በዘይት ተጠብሶ እንደ አበባ ይከፈታል፣ የውጪው ቅጠል እንደ ድንች ቺፕስ ይንኮሻኮሻል፣ መሃሉ ይለሰልሳል። ወቅቱ ከክረምታቸው መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ስለሆነ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል።

ጥንቃቄ፦ ሰፈሩ ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ኮሸር አይደለም፣ መስኮቱ ላይ የምስክር ወረቀቱን እዩ። ዓርብ ማታና ቅዳሜ ቀን ይዘጋሉ። የአይሁድ ፋሲካ ሳምንት ላይ ከወደቃችሁም ፓስታና ዳቦ የለም፣ ወይ ቤቱ ጭራሽ ዝግ ነው። ቀኑን አረጋግጡ።

ቁሌት

@የቅዳሜ_ገበያ ልክ ነህ፣ ቅዳሜና እሁዱ አምልጦኝ ነበር። ትራስቴቬሬ የሚባለውን ሰፈር ማንም ስላላነሳ፦ ምሽቱ ደስ ይላል፣ ግን ዋናው መንገድ ላይ ያሉትን እለፉ። ገብታችሁ ከሆነ 19:30 ላይ ተገኙ፣ ከ20:30 በኋላ ያለ ቀጠሮ ወረፋ ነው። ፒዛ ገዝታችሁ ትሬቪ ፏፏቴ ጠርዝ ወይም የስፔን ደረጃ ላይ ልትቀመጡ ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ቅጣት አለው።

ወለላ_ማር

የመጨረሻ፦ ጄላቶ ለጾም ይሆናል?

ጀበና_2

"ሶርቤቶ" የተባሉት ፍራፍሬ፣ ውሃና ስኳር ናቸው፣ "ሴንጻ ላቴ?" ብላችሁ አረጋግጡ። አንዳንድ ቤት "ፎንዴንቴ" የሚባለውን ጥቁር ቸኮሌትም በውሃ ይሠራል። ጾመኞቹ ማንኪያውን እንዲያጥብላችሁ ንገሩት፣ ያንኑ ማንኪያ ከፒስታኪዮው ወደ ሎሚው ያዘዋውራል። ተራራ አክሎ የተከመረና ደማቅ አረንጓዴ ፒስታኪዮ ያለበት ቤት ግን እለፉት፤ የእውነተኛው ፒስታኪዮ ቀለም ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ቡኒ የሚያደላ ነው።