በድሮ ፊልም ላይ ያየነው የጅማ መንገድ የት ይሆን?

ጠያቂ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ትናንት ማታ ከእማዬ ጋር አንድ የድሮ ፊልም እያየን ድንገት «አቁም አቁም፣ ይሄ እኮ የኛ ከተማ ነው!» አለችኝ። አስር ሰከንድ አይሞላም። ቁልቁል የሚወርድ መንገድ፣ በግራ በኩል ቆርቆሮው የዛገ የጣሊያን ጊዜ ቤት፣ ከታች ድልድይ። እሷ ፈረንጅ አራዳ ነው ትላለች፣ እኔን ሄርማታ መሰለኝ። ቤቱን ዛሬ የትም አላየሁትም። በምን ልለየው?

የጅሬን ልጅ፦
ወንድሜ ቤቱን ተወው፣ ቤት ይፈርሳል። ከጀርባ ያለውን ኮረብታ እይ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ከቦታው አይነቃነቅም፣ በየት በኩል እንደሚታይ ካወቅክ ካሜራው የቆመበትን ትደርስበታለህ። ድልድዩ የአዌቱ ወንዝ ከሆነማ ግማሹ ተፈታ።

ቡና በጀበና፦
ታፔላ ካለ አቁመህ አንብበው። ፊደሉ ከተገለበጠ ምስሉ ራሱ ተገልብጧል ማለት ነው፣ ግራና ቀኙ ያሳስትሃል። «ከፋ ጠቅላይ ግዛት» የሚለው ከደርግ በፊት የተሰቀለ ነው፣ «ክፍለ ሀገር» ካለ የደርግ ጊዜ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታፔላ በቁቤ ከተጻፈ ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው። እኔ እንዲህ ስፈልግ የአባቴን ሱቅ አገኘሁት፣ ሰማያዊው በር፣ ደጃፉ ላይ የተደረደረው የቡና ጆንያ ሳይቀር። አልቅሻለሁ።

ጠያቂ፦
ጅሬን አለ! ከተዋናዩ ትከሻ በላይ ትንሽ ይታያል። ነገ እማዬን በባጃጅ ይዤ ሁለቱንም ሰፈር እዞራለሁ፣ ፎቶውን እዚሁ እለጥፋለሁ።