ከበሩ በፊት ጥላና ሽንት ቤት፦ ስለ ሐይቅ ዳርቻው የዕቅድ ውይይት

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ አቅራቢያ ያለውን የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ዳርቻ ለቤተሰብ ምቹ እናድርገው በሚለው ሁላችንም ተስማምተናል። ለወረዳው በምናስገባው ረቂቅ ላይ ግን የመጀመሪያው ወጪ የብረት በር ነው። በዚህ አልስማማም። ያለን ብር ትንሽ ነው፤ በር ደግሞ ሕፃን አያስጠልልም።

ባለፈው እሁድ ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቁርስ በልተን ወጥተን ረፋዱ ላይ ደረስን። አጠገባችን አንዲት እናት ነጠላዋን በሁለት እንጨት ወጥራ ሕፃኗን ከሥሩ አስተኝታለች። ንፋስ ሲመጣ ነጠላው ይወድቃል፣ ተነስታ ትወጥረዋለች፣ ደግሞ ይወድቃል። ያመጣችው ምሳ ሳይፈታ ቀረ። የኔዋ ትንሿ ደግሞ ሽንቴ መጣ አለች። የት ልውሰዳት? ቁልቋል ሥር ወሰድኳት። ለሕፃን ይሁን፤ ትልልቆቹ ሴቶች ግን እንዳይቸገሩ ብለው ውሃ ሳይጠጡ ነው የሚውሉት። ቤተሰብን በጊዜ ወደ ቤት የሚመልሰው ይሄ ነው።

ስለዚህ ሽንት ቤቱ ይቅደም። ግን ከውሃው ይራቅ። ሐይቁ የሚፈስበት መውጫ የለውም፣ የገባበት ቆሻሻ እዚያው ነው የሚቀረው፣ የምንበላው ቆሮሶ ዓሣም ከዚያው ውሃ ነው የሚወጣው። ለእጅ መታጠቢያ አንድ ሮቶ ይበቃል።

ለጥላው ክረምት ሲገባ ግራር፣ ዋንዛና ሾላ እንትከል። ቶሎ ያድጋል ተብሎ ባሕር ዛፍ እንዳይገባ አደራ። ፍየል እንዳይጨርሰው እያንዳንዱ ችግኝ በእሾህ ይታጠር። እስኪያድጉ ድረስ በእንጨትና በሣር ሁለት ሦስት ዳስ እንሥራ።

የልጆቹ ነገር ደግሞ ያስፈራኛል። ሐይቁ መሃሉ ላይ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ባዶ ቢጫ ጀሪካኖች በናይሎን ገመድ ላይ አስረን፣ ውሃው የልጅ ጉልበት የሚያክልበት ላይ እንዘርጋ። ከዚህ አትለፉ ለማለት ከሰሌዳ ይሻላል፣ ማንበብ የማይችል ልጅም ይገባዋል።

ከደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፦ እህቴ፣ በሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የነጠላዋን ነገር ሳነብ ተውኩት። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የሚያጸዳው ሰው ከሌለ ሽንት ቤት ተሠርቶ ብዙም ሳይቆይ ይዘጋል፣ ስንት ቦታ አይተናል። ከሐይቅ ከተማ ወጣቶች ሁለት ይመደቡ፣ ተጠቃሚው ትንሽ ይክፈል፣ ብሩም ለነሱ ደሞዝና ለሳሙና ይዋል። ይሄ በረቂቁ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ ልጆቼ፣ ገዳሙን እንዳትረሱት። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መነኮሳት የሚጸልዩበት ቦታ ነው፣ የውሃ ዳር ድምፅ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። ድምፅ ማጉያ አይገባም ብላችሁ ጻፉ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግን በሰው ጸሎት ላይ ሙዚቃ ሲጮኽ ደስ አይለኝም። ለኛም ከሮቶው አጠገብ ውዱእ የምናደርግበትና ምንጣፍ የምናነጥፍበት ንጹህ ጥግ አድርጉልን። ያረጀ ጉልበት ይዞ ከውሃው ዳር ጎንበስ ማለት ከባድ ነው።

ከመጀመሪያዋ ጸሐፊ፦ እማማ፣ እሺ፣ ሁለቱም ገብቷል። ለውዱእ የሚሆን ዝቅ ያለ የድንጋይ መቀመጫ ከቧንቧው ፊት እናስቀምጣለን፣ የሳሙናው ውሃም ወደ ሐይቁ ሳይሆን ወደ ችግኞቹ በኩል ወዳለ ጉድጓድ ይሂድ። ወንድሜ፣ የክፍያውን አንቀጽ አንተ ጻፈው፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይሁኑ። ቅዳሜ ጠዋት ሜትር ይዘን ሄደን ከውሃው እስከ ሽንት ቤቱ ያለውን እንለካለን። ጀሪካን ያላችሁ ዘይት የነበረበትን አታምጡ።