ቻናሉ የማን ነው? ለሴኔት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። ረቂቁ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ርዕሱ «ማኅበራዊ ሚዲያ በዩኒቨርሲቲ» ይላል፤ በጣም ሰፊ ነው። እኔ ቴሌግራም ላይ ብቻ እናተኩር ባይ ነኝ። ሃንድአውቱም፣ የፈተና ፕሮግራሙም፣ የክፍል ለውጡም ያለው እዚያው ነው።

የሲቪል ምህንድስና መምህር፦ እስማማለሁ። ቻናሉን የሚከፍተው የክፍሉ ተጠሪ ነው። እሱ ሲመረቅ ቻናሉም አብሮት ይመረቃል። አምና የአራት ዓመት ሃንድአውት ያለበት ቻናል አንድ ቀን ጠዋት የጫማ ማስታወቂያ ይዞ ጠበቀን!

የተማሪዎች ተወካይ፦ መምህር፣ ጥፋቱ የተጠሪዎች ብቻ አይደለም። ዲፓርትመንቱ የራሱን ቢከፍት ኖሮ ማን ይደክም ነበር? ባለቤትነቱን ለሌላ አድሚን ማስተላለፍም ይቻላል። ግን ባለቤቱ ባለሁለት ደረጃ ይለፍ ቃል ሊኖረው ይገባል፤ ካስገባውም ሳምንት ካልሞላ ቴሌግራም እሺ አይልም። የምረቃ ዋዜማ ላይ አይሆንም ማለት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዲፓርትመንቱ ይክፈት፣ ተጠሪው አድሚን ብቻ ይሁን።

ጸሐፊ፦ ተመዝግቧል።

የቤተ መጻሕፍት ባልደረባ፦ 2015ን ረሳችሁት እንዴ? ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ነበር። የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና የተሰጠው በዚያው ሐምሌ ነው። ልጆቹ ጥያቄ ሲለዋወጡ የከረሙት በቪፒኤን ነው። ቪፒኤን እምቢ ያለው ፍላሽ ይዞ እኛ ጋ ይመጣ ነበር። ቻናሉ ላይ የሚወጣ ሁሉ ቅጂው ቤተ መጻሕፍቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። ይህ ካልገባ አልፈርምም።

የሲቪል ምህንድስና መምህር፦ ልክ ነዎት እትዬ። ውጤት ደግሞ ቻናል ላይ አይለጠፍ። ከነስማቸውና ከነመታወቂያ ቁጥራቸው የሚለጥፉ አሉ። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም።

የተማሪዎች ተወካይ፦ ሴት ተማሪዎችም ቅሬታ አላቸው። ግሩፕ ከገቡ እኩለ ሌሊት ላይ በግል የሚጽፍላቸው አይጠፋም። ቻናል ላይ ግን ተከታዮች እርስ በርስ አይተያዩም። ለጥያቄና መልስ ግሩፕ ይኑር፤ መግባት ግዴታ አይሁን።

ሊቀመንበር፦ ቲክቶክስ?

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ እሱን ለሌላ ቀን ያቆዩልን። ከገባንበት አንወጣም።

የቤተ መጻሕፍት ባልደረባ፦ ሰርቨሩ ላይ ስንት ጊጋ እንደቀረ ነገ ጠዋት አይሲቲ ክፍሉን እጠይቃለሁ። ቪዲዮ ከተጨመረ አይበቃም፤ ለጊዜው ፒዲኤፍ ብቻ ብላችሁ ጻፉ።