የመጀመሪያው የወንዶች ባያትሎን የዓለም ዋንጫ (1977/78)፦ አዲስ የተጀመረው ምን ነበር?

የአዌቱ ልጅ (ጅማ) ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ለተማሪዎቻችን የስፖርት ክበብ በአገራችን ስለማይዘወተሩ ውድድሮች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ በበረዶ ሸርተቴ ረጅም ርቀት እየሄዱ በየመሃሉ ዒላማ የሚተኮስበት ባያትሎን ነው። የመጀመሪያው የወንዶች የዓለም ዋንጫ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1977/78 የውድድር ዘመን እንደሆነና ያሸነፈውም የምሥራቅ ጀርመኑ ፍራንክ ኡልሪኽ እንደሆነ አንብቤአለሁ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮና በ1958 መጀመሩ ተጽፏል። ታዲያ ከሃያ ዓመት በኋላ አዲስ የተጀመረው ምንድን ነው? በዚያው ወቅት ጠመንጃው መለወጡስ ተኩሱን አቅልሎት ይሆን? ለልጆቹ የተሳሳተ ነገር መንገር ስለማልፈልግ፣ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ታሪክ ወዳድ መለሰ፦

መምህር፣ ያነበቡት ሁለቱም ትክክል ነው። የዓለም ሻምፒዮና በአንድ ቦታ ተጀምሮ በጥቂት ቀናት የሚጠናቀቅ ውድድር ነው፤ የመጀመሪያው በ1958 በኦስትሪያዋ ዛልፌልደን ተካሂዶ ስዊድናዊው አዶልፍ ቪክሉንድ በ20 ኪሎ ሜትር አሸንፏል። የዓለም ዋንጫው ግን በአንድ የበረዶ ወቅት በተለያዩ ቦታዎች በሚደረጉ ውድድሮች የተገኘው ነጥብ ተደምሮ አሸናፊው የሚለይበት ነው። የቁልቁለት ሸርተቴ ተወዳዳሪዎች ከ1967 ጀምሮ እንዲህ ያለ ዋንጫ ስለነበራቸው አሠራሩ ለበረዶ ስፖርት እንግዳ አልነበረም። ልጆቹ በእግር ኳስ የለመዱትን የዓለም ዋንጫ በአእምሯቸው ይዘው ከተነሡ ግን ነገሩ ይምታታባቸዋል።

ይህ ለውጥ በባያትሎን ላይ ያለው ክብደት የሚገባው፣ አንድ ቀን ብቻ ሰውን ምን ያህል ከፍና ዝቅ ሊያደርገው እንደሚችል ላየ ሰው ነው። በ1960ው የስኳው ቫሊ ኦሎምፒክ ለእያንዳንዱ የሳተ ጥይት ሁለት ደቂቃ ይጨመር ነበር። ስዊድናዊው ክላስ ሌስታንደር በሸርተቴ ፍጥነቱ 15ኛ ሆኖ ሳለ 20ውንም ዒላማ በመምታቱ ወርቁን ሲወስድ፣ ከሁሉ ፈጥኖ የሄደው ፈረንሳዊው ቪክቶር አርቤዝ 18 ጥይት ስቶ 36 ደቂቃ ተጨመረበት። የወቅቱ ነጥብ ሲደመር ግን አንድ ክፉ የተኩስ ቀን የሰውን ልፋት ሁሉ ይዞ አይሄድም። እኔ የ1977/78ን ዋንጫ ከፍ አድርጌ የምመለከተው ስለዚህ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ (ጅማ) መለሰ፦

ስለ ጠመንጃው ልጨምር። እስከ 1977 ድረስ ተወዳዳሪዎቹ የሚጠቀሙት ወታደራዊ መጠን ያለው ትልቅ ካሊበር (ሰፊ አፈሙዝ ያለው) ጠመንጃ ሲሆን፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚተኩሱትም ከ150 ሜትር ነበር። ከ1978 ጀምሮ ግን .22 የሚባለው ትንሽ ጥይት ገባ፤ ርቀቱም ወደ 50 ሜትር ወረደ።

ርቀቱ በሦስት እጥፍ ስላጠረ ተኩሱም በዚያው ልክ ቀለለ ብሎ መደምደም አይቻልም፣ ምክንያቱም ዒላማውም አብሮ አንሷል። በ150 ሜትር ተኝቶ ለሚተኮስበት የዒላማው እምብርት 12.5 ሴንቲ ሜትር፣ ቆሞ ለሚተኮስበት 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ዛሬ በ50 ሜትር 4.5 እና 11.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የዛሬዎቹን በሦስት ቢያባዟቸው 13.5 እና 34.5 ይመጣሉ፤ ስለዚህ ለተኳሹ ዓይን ዒላማው የሚታየው ከድሮው ጋር በተቀራረበ መጠን ነው። ይህን ስሌት ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢሠሩት መልካም ይመስለኛል።

በእርግጥ የቀለለው የጠመንጃው እርግጫ፣ ድምፁና የጥይቱ ዋጋ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትልቁ ካሊበር ጥይት ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ሰፊ የደኅንነት ቀጠና ይፈልግ ነበር። አዲሱ ጥይት ግን ተኩሱን ወደ ተመልካቹ አቀረበው፤ ስፖርቱም ከጦር ሠፈር ወጥቶ የሕዝብ የሆነው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሰውነቱ ፈተና ግን እንዳለ ነው። ሮጦ የጅሬንን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የወጣ ተማሪ፣ እንደደረሰ መርፌ ውስጥ ክር አስገባ ቢባል የሚሰማውን ያስቡት። ተኳሹ ዱላዎቹን ያስቀምጣል፣ ጠመንጃውን ከጀርባው ያወርዳል፣ ጥቂት ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያም ትንፋሹን ከፊል አስወጥቶ በሚይዝባት ቅጽበት ቃታውን ይስባል። ተኝቶ ሲተኩስ ጠመንጃውን ከክንዱ ጋር በሚያያይዘው ማንገቻ በኩል የልብ ምቱ ራሱ አፈሙዙን ያወዛውዘዋል፤ ቆሞ ሲተኩስ ደግሞ የደከሙት እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ።

የአዌቱ ልጅ መለሰ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስሌቱን ለክበቡ እሰጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በእነዚያ ዓመታት ምሥራቅ ጀርመኖች እንዲህ የበረቱት ለምንድን ነው?

ታሪክ ወዳድ መለሰ፦

ኡልሪኽ የቱሪንጊያ ተወላጅ ነው፤ በዚያው ክልል የምትገኘው ኦበርሆፍ የምሥራቅ ጀርመን የበረዶ ስፖርት ዋና ማሠልጠኛ ነበረች። መንግሥት ልጆችን ገና በለጋነታቸው መርጦ ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ ያሠለጥን ስለነበር፣ ኡልሪኽ በ1976ቱ የኢንስብሩክ ኦሎምፒክ በዱላ ቅብብል የነሐስ ሜዳሊያ ሲያገኝ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በዚያች አገር ስፖርት ውስጥ መንግሥት የሚመራው የአበረታች ቅመሞች አሠራር እንደነበረ በኋላ በሰነድ መረጋገጡም ለተማሪዎች ሊነገር ይገባል፤ ይህንን ዘሎ የዚያን ዘመን ውጤት ማስተማር ጎዶሎ ነው።

የበላይነታቸው የአንድ ወቅት ብቻ አልነበረም። በ1978/79 ዋንጫውን የወሰደው የአገሩ ልጅ ክላውስ ዚበርት ሲሆን፣ ከዚያ ኡልሪኽ እስከ 1981/82 ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ፤ በ1982/83 የምዕራብ ጀርመኑ ፔተር አንገረር እስኪረከበው ድረስ ዋንጫው ከምሥራቅ ጀርመን እጅ አልወጣም።

ሻምፒዮናውንና ዋንጫውን ለይቶ ለማሳየት ደግሞ የዚያው የ1978 ዓመት ውጤት ይበቃዎታል። በኦስትሪያዋ ሆክፊልዘን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ኡልሪኽ 10 ኪሎ ሜትሩን አሸነፈ፣ ምሥራቅ ጀርመንም ዱላ ቅብብሉን ወሰደች፤ የ20 ኪሎ ሜትሩ ወርቅ ግን የኖርዌዩ ኦድ ሊርሁስ ሆነ። የወቅቱ ነጥብ ሲደመር ዋንጫው የኡልሪኽ ነበር።