ጠበሉንም ክኒኑንም አብራችሁ የያዛችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ። የሚጥል በሽታ ከጀመረኝ 9 ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ ፌኖባርቢታል እወስዳለሁ። ሳላቋርጥ ስወስድ ደህና ነኝ፤ ዓመት ከምናምን ሳይጥለኝ ቆይቶ ነበር።

ባለፈው ወር እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። እኔም አምናለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ግን «ክኒን እየዋጡ ጠበል አይሆንም» ተባልኩና አቆምኩ። በአምስተኛው ቀን ሥራ ቦታ፣ የደንበኛ ፀጉር እየሠራሁ ወደቅኩ። ስነቃ አፍንጫዬን ክብሪት ክብሪት ይሸተኛል። ጣቴ በፒያስትራው ተቃጥሏል። አረፋው ይተላለፋል ብለው ማንም አልነካኝም። አይተላለፍም እኮ! ማበጠሪያዎቼን ሳይቀር ለብቻ በፌስታል ቋጥረው ጠበቁኝ። እሱ ከቃጠሎው በላይ አመመኝ።

አሁን መድኃኒቴን ጀምሬያለሁ። ሐኪሜም በድንገት ማቆም አደገኛ እንደሆነ ነግሮኛል። እማዬ ግን «እምነትሽ ጎደለ» እያለች ታለቅሳለች። ላስቀይማት አልፈልግም።

ሁለቱንም የያዛችሁ፣ ቤተሰባችሁን እንዴት አሳመናችሁ? የንስሐ አባቱን ያናገረ አለ? ሥራ ስመለስስ ምን ልበላቸው? ስወድቅ በጎኔ አስተኙኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪቱንም ተዉት ልላቸው እፈልጋለሁ። ከየት እንደምጀምር ግን ጠፋኝ።