ከሶኬት የሚነበብ ባይናሪ ዳታ፦ ከፍታው 21768 ይላል፣ ግፊቱ ረፋድ ላይ በ25.6 ይወርዳል

ማራኪ ሰፈር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ ጣሪያ ላይ የተተከለ ትንሽ የአየር ሁኔታ መለኪያ አለ። ኢኤስፒ32 (ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) ላይ ነው የተሠራው፣ ኮዱ ማይክሮፓይተን (ለትንንሽ ቺፖች የተዘጋጀ ፓይተን) ነው። በየ10 ሰከንዱ አንድ ፓኬት በሞባይል ኔትወርክ በቲሲፒ ይልካል፤ ተቀባዩ በጃቫ 17 የተጻፈ ፕሮግራም ነው።

የፓኬቱ አቀማመጥ፦ 2 የመለያ ባይቶች (165 እና 90)፣ 1 ባይት የፓኬት ዓይነት፣ 2 ባይት የይዘት ርዝመት፣ ይዘቱ፣ በመጨረሻ 2 ባይት ሲአርሲ (ዳታው መንገድ ላይ አለመበላሸቱ የሚረጋገጥበት ቁጥር)። ግንኙነት ሲጀመር አንድ የማስተዋወቂያ ፓኬት ይመጣል፤ ይዘቱ ከፍታ (2 ባይት)፣ የስም ርዝመት (1 ባይት) እና ስም ነው። ከዚያ በኋላ የልኬት ፓኬት ብቻ ነው፦ ሙቀት 1 ባይት፣ እርጥበት 1 ባይት፣ ግፊት 2 ባይት። ግፊቱ በ10 ተባዝቶ ይላካል፤ 782.1 ሄክቶፓስካል ከሆነ 7821 ማለት ነው። ላኪው ሁሉንም ቁጥር በሊትል ኢንዲያን (ታችኛው ባይት ቀድሞ) ያስቀምጣል።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው።

ከፍታው 2133 መሆን ሲገባው 21768 ሆኖ ይነበባል። የማነበው በዳታኢንፑትስትሪም ሪድሾርት (ባለ 2 ባይት ቁጥር የሚያነብ የጃቫ ሜተድ) ነው።

ግፊቱ ከሰዓት በኋላ ደህና ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ግድም ግን ባንዴ በ25 ምናምን ይወርድና ቆይቶ ይመለሳል። ፀሐይ ሴንሰሩን አግላው ነው እንዳይባል ማታ 4 ሰዓት ግድም ይደግመዋል። ይሄን የማነበው የመጀመሪያውን ባይት ከሁለተኛው ባይት በ256 ተባዝቶ ጋር በመደመር ነው። የርዝመቱንም እንደዚሁ።

ስሙ «ጎንደር» መሆን ሲገባው «ጎ» ብቻ ይወጣና ከጎኑ ጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ይታያል።

አራተኛው የባሰው ነው። ላፕቶፑ ላይ ከተቀመጠ ፋይል ሲነበብ ፓኬቶቹ በሥርዓት ይመጣሉ። ከሶኬት (ከኔትወርክ ግንኙነቱ) ሲነበብ ግን የሆነ ሰዓት ላይ ቁጥሩ ሁሉ ይዘበራረቃል፤ ግንኙነቱ ተዘግቶ እስኪከፈት አይስተካከልም። ይዘቱን የማነበው በርዝመቱ ልክ የባይት አሬይ አዘጋጅቼ ሪድን አንዴ በመጥራት ነው።

ጃንተከል

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ልያዝ፤ አራተኛውን ሌላ ሰው ይምጣበት።

ከፍታው ቀላል ነው። 2133 ማለት 8 × 256 + 85 ነው። ላኪው ሊትል ኢንዲያን ስለሆነ መጀመሪያ 85፣ ቀጥሎ 8 ይልካል። ሪድሾርት ደግሞ ሁልጊዜ ቢግ ኢንዲያን (ላይኛው ባይት ቀድሞ) ነው፣ የሚቀየርበት አማራጭም የለውም። ስለዚህ 85 × 256 + 8 = 21768፣ ከኤቨረስት እጥፍ በላይ የሆነ ጎንደር። በባይትበፈር አንብበው፤ እሱም ካልነገርከው በቢግ ኢንዲያን ነው የሚጀምረው፣ ኦርደር በሚለው ሜተድ ሊትል ኢንዲያን አድርገው። ለአንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ የሾርት ክላስ ሪቨርስባይትስ ይበቃል።

ግፊቱ ላይ ነው ነገሩ። ጃቫ ውስጥ ባይት ከ-128 እስከ 127 ብቻ ነው የሚይዘው። 7821 ሲላክ 141 እና 30 ነው የሚመጣው። 141 በጃቫ ባይት -115 ይሆናል። አንተ ስትደምር -115 + 7680 = 7565፣ ማለትም 756.5። ልዩነቱ ልክ 25.6 ነው፣ ምክንያቱም 256 ስለጎደለ። ታችኛው ባይት እስከ 127 ድረስ ደህና ነው፤ ስለዚህ እስከ 780.7 ትክክል ታያለህ፣ 780.8 ሲደርስ 755.2 ይሆናል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በሐሩር ክልል የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል፦ ከፍታው ረፋድና ማታ 4 ሰዓት አካባቢ፣ ዝቅታው ሌሊትና ቀን 10 ሰዓት አካባቢ። በእኛ ከፍታ ላይ ግፊቱ 780 ዙሪያ ስለሚውል ያቺን የ780.8 መስመር በየቀኑ እየረገጠ ያልፋል። ሴንሰሩ በደንብ ነው የሚሠራው፤ እንዲያውም ሲጨምር ነው አንተ ጋ ወርዶ የሚታየው።

መፍትሔው እያንዳንዱን ባይት ከመደመርህ በፊት & 255 ማድረግ ነው (ባይቱን ከ0 እስከ 255 ወዳለው ቁጥር ይመልሰዋል)፣ ወይም የባይት ክላስ ቱአንሳይንድኢንት። ከድምር ይልቅ | (ቢት በቢት የሚያጣምረውን) ብትጠቀም ኖሮ ስህተቱ ቶሎ ይታይህ ነበር፦ ያለ & 255 ውጤቱ -115 ሆኖ -11.5 ሄክቶፓስካል ይወጣል፣ እሱን ደግሞ ማንም አያምንም። ሙቀትና እርጥበት ያመለጡት ከ127 ስለማያልፉ ብቻ ነው። ርዝመቱም ገና አልደረሰበትም እንጂ ይዘቱ 130 ባይት የሆነ ቀን -126 ርዝመት ያለው አሬይ ልትፈጥር ትሞክርና ፕሮግራሙ ይወድቃል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከዜሮ በታች ሊሆን የሚችል ባለ 2 ባይት ቁጥር ከጨመርክ (ለምሳሌ ሙቀት በ10 ተባዝቶ) & 255 የሚደረገው ታችኛው ባይት ብቻ ነው። ላይኛው ምልክቱን እንደያዘ ይቆይ።

ስሙ፦ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ደንብ) እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። «ጎንደር» 4 ፊደል፣ 12 ባይት፦ 225 140 142፣ 225 138 149፣ 225 139 176፣ 225 136 173። የስም ርዝመት በሚለው ባይት ላይ የሚመጣልህን ቁጥር አትምና እይ፤ 4 እንደሚሆን እወራረዳለሁ። ላኪው የፊደሉን ብዛት ነው የቆጠረው። አንተ 4 ባይት ስትወስድ 225 140 142 «ጎ» ይሆናል፣ ብቻውን የቀረው 225 አልማዝ ይሆናል። ላኪው መጀመሪያ ወደ ባይት ቀይሮ ከዚያ ርዝመቱን ይቁጠር። በእንግሊዝኛ ስም ብትሞክረው ፊደልና ባይት እኩል ስለሆኑ ችግሩ አይታይም። ሪድዩቲኤፍ የሚባለውን ግን እንዳትነካው፤ እሱ የራሱ የሆነ ባለ 2 ባይት ቢግ ኢንዲያን ርዝመት ይጠብቃል፣ ኮድ አጻጻፉም ከመደበኛው ዩቲኤፍ-8 ትንሽ ይለያል፤ ጃቫ ከጃቫ ጋር ሲነጋገር ነው የሚሆነው።

ቀሃ

አራተኛው እኔ ጋ ይሁን። ሪድ የሰጠኸውን አሬይ ይሞላል የሚል ቃል የለበትም። በዚያች ቅጽበት የደረሰውን ይሰጥሃል፣ ስንት ባይት እንደሰጠህም ይመልሳል። 4 ጠይቀህ 3 ሊመጣ ይችላል፣ 1ም ሊመጣ ይችላል። አንተ የተመለሰውን ቁጥር ስላላየኸው አራተኛው ቦታ ላይ ዜሮ ይቀራል፤ ዘግይቶ የሚደርሰውን እውነተኛ አራተኛ ባይት ደግሞ የሲአርሲው መጀመሪያ ብለህ ታነበዋለህ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በአንድ ባይት ተንሸራቷል። ግንኙነቱ ሲከፈት ከመጀመሪያው ስለሚጀምር ነው የሚስተካከለው።

ከዲስክ ፋይል ሲሆን ብዙ ጊዜ የጠየቅከው ሙሉ በሙሉ ይመጣል፣ ለዚያ ነው ላፕቶፑ ላይ ያልታየው። ቲሲፒ የፓኬትህን ድንበር አያውቅም። ቧንቧ ነው፤ ላኪው በጣሳ ቢጨምርም ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ጣሳ ሳይሆን ውሃ ነው። አንድ ፓኬት ለሁለት ተከፍሎ፣ ወይም ሦስት ፓኬት አንድ ላይ ተጣብቆ ሊመጣ ይችላል። የልኬት ፓኬትህ 11 ባይት ብቻ ስለሆነ በብዛት ሳይከፈል ያልፋል፤ ኔትወርኩ ተጨናንቆ ብዙ ፓኬት ተጠራቅሞ ሲለቀቅ ነው የሚቆረጠው።

የሚሠራው፦ ሶኬቱን አንድ ጊዜ በበፈርድኢንፑትስትሪም ጠቅልለው፣ እሱን ደግሞ በዳታኢንፑትስትሪም፤ ከዚያ 5ቱን የመጀመሪያ ባይቶች በሪድፉሊ፣ ርዝመቱን አይተህ ይዘቱንና 2ቱን የሲአርሲ ባይቶች በሌላ ሪድፉሊ። ሪድፉሊ የጠየቅከውን ያህል እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ መሃል ላይ ስትሪሙ ካለቀ ኢኦኤፍ ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ሪድኤንባይትስም ይሠራል፣ እሱ ግን ስትሪሙ ሲያልቅ ዝም ብሎ አጭር አሬይ ይመልሳል፤ ርዝመቱን ራስህ ማየት አለብህ።

አቬይለብልን (ሳይጠበቅ ሊነበብ የሚችለውን የባይት ብዛት የሚመልሰውን ሜተድ) አትመን። 0 መለሰ ማለት አሁን የደረሰ የለም ማለት እንጂ አለቀ ማለት አይደለም። ባይት በባይት በሪድ የምታነብ ከሆነም የሚመለሰውን በኢንት ተቀብለህ -1 መሆኑን ቀድመህ እይ። ወደ ባይት ከቀየርከው በኋላ 255 የሚለው ደህና ባይትም -1 ስለሚሆን አይለዩም፤ 255 በመጣ ቁጥር «አለቀ» ብሎ የሚቆም ፕሮግራም የሚወጣው ከዚህ ነው።

ደግሞ በየፓኬቱ አዲስ በፈርድኢንፑትስትሪም አትፍጠር። አንዱ እስከ 8192 ባይት ቀድሞ ይጎትታል፤ ስትጥለው የጎተተው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

አንገረብ

ቀሃ ያለው ልክ ነው፤ ግን ሪድፉሊ ብቻውን መብራት ሲጠፋ አያዋጣም። መለኪያው ባንዴ ከጠፋ «ዘግቻለሁ» የሚል መልእክት አይልክም፣ ሪድፉሊም ሳይመጣ የሚቀረውን እየጠበቀ ይቀመጣል። ሶኬቱ ላይ ኪፕአላይቭ (ሌላኛው ወገን አሁንም መኖሩን የሚፈትሸው) ቢበራ እንኳ ሊኑክስ ላይ በነባሪ የመጀመሪያውን ፍተሻ የሚልከው ከ7200 ሰከንድ ጸጥታ በኋላ ነው። ስለዚህ በሴትኤስኦታይምአውት ገደብ ስጠው። በየ10 ሰከንዱ ለሚልክ 35 ሰከንድ ጥሩ ነው፣ ሦስት ፓኬት ካመለጠ ማለት ነው።

ገደቡ ሲያልፍ ኤክሴፕሽኑን ይዞ እዚያው ሶኬት ላይ ሪድፉሊን እንደገና መጥራት ግን ክፉ ወጥመድ ነው። ከመቋረጡ በፊት 3 ባይት አንብቦ ከነበረ እነዚያ ከስትሪሙ ወጥተዋል፣ ስንት እንደነበሩም አይነግርህም። እንደገና ስትጠራው ያው መንሸራተት ተመልሶ ይመጣል። ሶኬቱን ዘግተህ መለኪያው እንደገና እንዲገናኝ ተወው።

የመለያ ባይቶቹን ከተጠቀምክባቸው ደግሞ መንሸራተት ቢመጣም ራሱን ያስተካክላል፦ 165 እስክታገኝ ባይት በባይት ሂድ፣ ቀጥሎ 90 ከመጣ ፓኬት ጀመረ። ብዙ ሰው የሚስተው 165፣ 165፣ 90 ሲመጣ ነው። ሁለተኛው 165 «90 አይደለም» ተብሎ ፍለጋው ከዜሮ ከተጀመረ እውነተኛው መለያ ያመልጣል፤ 165 ከሆነ እዚያው «90ን እጠብቃለሁ» በሚለው ሁኔታ ላይ ቆይ። ይዘት ውስጥም 165 እና 90 በአጋጣሚ ሊገጣጠሙ ስለሚችሉ ርዝመቱ ከልክ በላይ ከሆነ (ለዚህ ፓኬት ከ64 በላይ የሚያስፈልግ አይመስለኝም) ወይም ሲአርሲው ካልገጠመ ጣለውና ፍለጋህን ቀጥል።

ማራኪ ሰፈር (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ። ሦስቱ ተስተካክለዋል፤ የስም ርዝመቱ በእርግጥም 4 ነበር። ሲአርሲውን እስካሁን አላረጋግጠውም ነበር፤ አሁን ስጨምረው አንዱም ፓኬት አይገጥምም። ላኪው የሞድባስ (የኢንዱስትሪ መሣሪያዎች የመገናኛ ደንብ) ሲአርሲ-16 ነው የሚለው።

አንገረብ

መጀመሪያ ስሌቱን ከፓኬቱ ለይተህ ፈትሽ። ከ1 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች እንደ ጽሑፍ (49፣ 50፣ … 57 የሆኑ 9 ባይቶች) አስገባ። የሞድባሱ 19255 መስጠት አለበት። 14155 ካገኘህ ስሌትህ ልክ ነው፣ 2ቱ ባይቶች ናቸው የተገለበጡት። 10673 ከወጣ ሲሲአይቲቲ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ነው የጻፍከው። እግረ መንገድ፣ ሞድባስ ራሱ ቁጥሮቹን በቢግ ኢንዲያን፣ ሲአርሲውን ግን ታችኛውን ባይት አስቀድሞ ነው የሚልከው፤ ስለዚህ «አንዱ እንዲህ ከሆነ ሌላውም» ብለህ አትገምት።

19255 ወጥቶም ፓኬቱ ካልገጠመ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው ያው የጃቫ ምልክት ነው፦ ባይቱ ወደ ስሌቱ ሲገባ & 255 ካልተደረገ አሉታዊው ባይት የሲአርሲውን ላይኛ ቢቶች ሁሉ ያበላሻል። በአሃዞቹ ስትፈትሽ ይህ አይታይም፣ ሁሉም ከ128 በታች ናቸውና። የማስተዋወቂያውን ፓኬት ተጠቀም፤ የስሙ 12ቱም ባይቶች ከ127 በላይ ናቸው። ቢቶቹን ወደ ቀኝ ስትገፋም >>> እንጂ >> አትጠቀም።

ሁለተኛው ሲአርሲው ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። 165 እና 90ን ጨምሮ የሚያሰላ አለ፣ ከዓይነቱ ባይት የሚጀምር አለ። የላኪውን ኮድ ከፍተህ ስሌቱ ውስጥ የገባውን የባይት ብዛት ቁጠር፤ ለልኬት ፓኬት 9 ከሆነ መለያው ተጨምሯል፣ 7 ከሆነ አልተጨመረም።